ከስትሮክ በኋላ፦ ጦም ያደረ የአንጎል መሬት

ሐዋሳ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ አጎቴ ቤት። ትሪው ቀርቧል፤ ጠዋት ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ ተጠብሷል። የአጎቴ ቀኝ እጅ ጭናቸው ላይ ተኝታለች፤ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። አክስቴ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ዓሣውን ከአጥንቱ ትለያለች፣ ጠቅልላ ወደ አፋቸው ታደርሳለች። «በሞቴ፣ እቺን ብቻ!» ስትሮክ ከመታቸው አራተኛ ወራቸው ነው። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ያቺ እጅ ዕድሜ ልኳን መቀስ ይዛ ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረች ናት። አሁን ከትሪው ጋር እንኳ አትገናኝም።

እዚያ ማዕድ ላይ ያጠፋ ሰው የለም። ሚስት ባሏን አጎረሰች፣ አለቀ። ሆኖም አንጎል ከስትሮክ በኋላ እንዴት እንደሚለወጥ ትንሽ ያነበበ ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ሲያይ ምግቡ አይወርድለትም። አንጎል የሚጠገነው በሚሠራው ሥራ ልክ ነው፤ እኛ ደግሞ የታመመን ሰው ስንወድ መጀመሪያ የምንቀማው ሥራውን ነው።

ሰፈር ውስጥ በሽታው ብዙ ስም አለው፦ «ግፊት ጣለው»፣ «ፓራላይዝ ሆነ»፣ «መጋኛ መታው»። ነገሩ ግን አንድ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ የደም ሥር በረጋ ደም ይዘጋል፣ ወይም ይፈነዳና ደም አንጎል ውስጥ ይፈስሳል። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይከፈት ሲቆይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች እንደሚሞቱ በ2006 የወጣ የታወቀ ስሌት ያሳያል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) «እስቲ ትንሽ ይረፍና እንየው» ተብሎ ግማሽ ሰዓት ሲጠበቅ ሃምሳ ሰባት ሚሊዮን ሴል ሄደ ማለት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሲቲ ስካን ተነሥቶ ደም አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ባጃጅም ሆነ ታክሲ ይዞ መሮጥ ነው። ስለዚህኛው ክፍል በየሬዲዮው ስለሚነገር እዚህ ላይ አልቆይም። እኔን ያሳሰበኝ ከሆስፒታል ተወጥቶ ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ነው።

የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ዝም ያለው ሁሉ የሞተ አይደለም። በሞተው ዙሪያ ደም ያነሰው፣ ያበጠ፣ በድንጋጤ ሥራ ያቆመ ሥጋ አለ። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ጉዳቱ ያልነካው ሩቅ ክፍልም ጸጥ ማለቱ ነው። ቮን ሞናኮቭ የሚባል የስዊዘርላንድ የነርቭ ሐኪም ይህን በ1914 «ዲያስኪሲስ» ብሎ ሰየመው። ለእኛ ለቅሶ ቤትን ማሰብ ይበቃል። አንድ ቤት ሰው ሲሞት ሥራ የሚፈታው ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ዲላ ያለው የወንድም ልጅም ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። እሱ ቤት የሞተ የለም፤ ዝምድናው ነው ሱቁን ያዘጋው። የአንጎል ክፍሎችም በነርቭ ክር የተዛመዱ ስለሆኑ አንዱ ሲመታ ሌላው ሐዘን ይቀመጣል። ቀናት ሲያልፉ እብጠቱ ይጎድላል፣ ደሙ ይስተካከላል፣ ሐዘንተኞቹ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ተአምር ነው፣ ትናንት እግሩን ማንሣት አይችልም ነበር» የሚባለው መሻሻል አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ግን በዚያው ሳምንት የተገኘው ነገር ነው፦ ጸበሉ፣ ወጌሻው፣ ከፋርማሲ የተገዛው የቫይታሚን መርፌ። ጸበል የሚሄደውን አልነቅፍም፤ እኔም ይዣቸው ሄጃለሁ። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ያ በራሱ የሚመጣ መሻሻል ሲያበቃ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ መሥራት አቆመ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በእውነቱ ያኔ ሌላው ሥራ ገና ሊጀመር ነው።

ሌላው ሥራ አዲስ ግንኙነት መዘርጋት ነው። ከጉዳቱ ዳር የተረፉ የነርቭ ሴሎች አዳዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላሉ፤ ልጅ በማሕፀን ሲያድግ አንጎሉን የሚሠሩት ዓይነት ጂኖች እንደገና ይነቃሉ። ይህ በእንስሳት ላይ በደንብ ታይቷል። በሰውም አንጎልን ሥራ ላይ ሳለ በሚያሳይ ኤምአርአይ እንደሚታየው፣ በመጀመሪያ ሰሞን ሽባ የሆነውን እጅ ለማንቀሳቀስ ሲሞከር ጤነኛው የአንጎል ወገን ጭምር ይረባረባል። ጥሩ ባገገሙ ሰዎች ውስጥ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ተጎዳው ወገን ይመለሳል፤ ባልተሳካላቸው ዘንድ ግርግሩ ሁለቱም ወገን ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል።

ቅርንጫፉ ማብቀሉ ብቻ ግን አይበቃም። ወዴት ይዘርጋ?

በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ጦጣዎች ላይ ያደረጉት ጥናት የዚህ ሁሉ ማዕከል ነው። በአንጎል ላይ እጅን የሚያንቀሳቅስ፣ ክንድን የሚያንቀሳቅስ፣ ትከሻን የሚያንቀሳቅስ እያለ እንደ እርሻ የተከፋፈለ መሬት አለ። ተመራማሪዎቹ ከእጅ መሬት ላይ ጥቂቱን በሰው ሠራሽ ስትሮክ አጠፉት። እንዲሁ የተተዉት ጦጣዎች ከጠፋው አልፎ ዙሪያው ያለው፣ ጉዳት ያልደረሰበት የእጅ መሬት ጭምር እየጠበበ ሄደ፤ ትከሻና ክንድ ወሰዱት። ሌሎቹ ግን ጤነኛ እጃቸው ተይዞባቸው በደካማው እጅ ከጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ምግብ እየለቀሙ እንዲበሉ ተደረገ። እነዚያ መሬታቸውን ሳያስነኩ ቆዩ፤ በአንዳንዶቹ ጭራሽ የእጅ መሬት ድሮ የክንድና የትከሻ ወደነበረው ተስፋፋ።

ገጠር ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት ኒውሮሎጂ አያስፈልገውም። ጦም ያደረ መሬት ድንበሩ ይገፋል። ባለመሬቱ ታሞ አንድ ክረምት ሳያርስ ከቀረ፣ ጎረቤት አንድ ፈር፣ ሌላው ጎረቤት አንድ ፈር እያለ ይገባል፤ በሦስተኛው ዓመት የማን እንደነበረ ለሽማግሌ ማስረዳት ነው። አንጎል ውስጥ ሽማግሌ የለም። ያረሰ ይወስዳል። አጎቴ ትሪ ፊት ቁጭ ብለው በሰው እጅ ሲጎርሱ፣ የቀኝ እጃቸው መሬት ላይ ያን ቀን ማንም አላረሰም።

ሁለተኛ ነገር አለ፣ ከመሬቱ የሚለይ። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ጦጣዎች ስሜት ያጣ እጃቸውን፣ ማንቀሳቀስ እየቻሉም፣ እንደማይጠቀሙበት አስተዋለ። በመጀመሪያው ሰሞን ሞከሩ፣ አልሆነም፣ ተዉት። በኋላ አቅሙ ሲመለስ አልሞከሩም፤ አለመጠቀምን ለምደውታል። ሰውም እንዲሁ ነው። አጎቴ ኩባያ ለማንሣት ሞክረው ሻዩ ሲደፋባቸው፣ አክስቴ «ተው፣ እኔ አለሁልህ» ስትል፣ ግራ እጅ ደግሞ ሥራውን ሲለምድ፣ ቀኝ እጅ ጡረታ ትወጣለች።

ታውብ መፍትሔውን ከዚያው አወጣው፦ ጤነኛውን እጅ ጓንት አልብሶ ማገድ። በ2006 ውጤቱ የወጣ 222 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን ሰዎች ለሁለት ሳምንት በዚህ መንገድ አሠራ። ከነቁበት ሰዓት 90 በመቶውን ጓንቱን አጥልቀው እንዲቆዩ ታዘዙ፤ በየቀኑም በባለሙያ እየታገዙ ደካማውን እጅ አለማመዱ። ከተለመደው ክትትል ጋር ሲነጻጸሩ እጃቸው በግልጽ ተሻለ፣ ከዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ግን ሁሉም ሰው አይገባበትም። ተሳታፊዎቹ ጣታቸውንና የእጅ አንጓቸውን ጥቂት መዘርጋት የሚችሉ ነበሩ። ጭራሽ የማይነቃነቅ እጅ ላይ ጤነኛውን ማሰር ሰውየውን ማሰቃየት ነው።

አሁን ቁጥሩን እንየው፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነው። የኑዶ ጦጣዎች በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነበር እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ የሚሰዱት። በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሜን አሜሪካ የሕክምና ማዕከላት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቆጠረ፦ አንድ የስትሮክ ታካሚ በአንድ የፊዚዮቴራፒ (የእንቅስቃሴ ሕክምና) ቀጠሮ ውስጥ በደካማ እጁ ስንት ጊዜ እውነተኛ ሥራ ይሠራል? በአማካይ 32። ሀብታም አገር፣ መሣሪያው ሞልቶ፣ ባለሙያው አጠገብ ቆሞ፣ 32። እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ተራ ተጠብቆ፣ ግማሽ ሰዓት የምትገኝ ፊዚዮ ስንት ትሆናለች? ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ቀን ከአጎቴ ጋር ገብቼ አሥራ ዘጠኝ ሞላ። ባለሙያው ሰነፍ አይደለም። ውጭ አግዳሚው ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩ ቤት ውስጥ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ቤታችን ደግሞ ለዚህ ድሃ አይደለም። እንጀራ መቁረስ ራሱ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች ተጋጥመው የሚሠሩት፣ በማንኛውም የሕክምና ኳስ የማይተካ ሥራ ነው። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ቡና ሲፈላ ስኒ ማደል። የኦርቶዶክስ መቁጠሪያ 41 ወይም 64 ፍሬ አለው፤ የሙስሊሙ ሙስባሃ 99። አንድ ዙር በደካማው አውራ ጣት የቆጠረ ሰው ከዚያ የሰሜን አሜሪካ ክሊኒክ በልጦ አደረ። ይህን በጥናት የለካ ሰው ጠቅሼ አይደለም፤ ስሌቱ የራሴ ነው፤ ፍሬ መግፋትም ጽዋ ከማንሣት ጋር እኩል አይደለም። ግን ድግግሞሽ ድግግሞሽ ነው።

ጊዜውስ? እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተት አለ። የመጀመሪያው ጥድፊያ ነው። አቨርት የተባለ 2,104 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት በ2015 ሲወጣ ብዙ ባለሙያ ደነገጠ፤ ስትሮኩ በመታ በ24 ሰዓት ውስጥ ታካሚውን ደጋግሞ ከአልጋ ማስነሣትና ማስኬድ ሦስት ወር ላይ ሲለካ ከተለመደው እንክብካቤ ያነሰ ውጤት አመጣ። የቆሰለ አንጎል በመጀመሪያው ቀን ሰልፍ አይወጣም። ሁለተኛው ስሕተት መዘግየት ነው። በ2021 የወጣ 72 ሰዎችን የያዘ ጥናት ተመሳሳይ የ20 ሰዓት ተጨማሪ የእጅ ልምምድ በተለያየ ጊዜ ሰጠ። ብዙ የጠቀመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር መካከል የተሰጠው ነበር። በመጀመሪያው ወር የተሰጠውም ጠቅሟል፣ ግን ባነሰ መጠን። ከስድስት ወር በኋላ የተሰጠው 20 ሰዓት ግን ካልተሰጣቸው ሰዎች አልተለየም።

እንግዲህ ያቺ የሁለተኛና የሦስተኛ ወር ጊዜ እኛ ጋ ምን ላይ ትውላለች? ጠያቂ ላይ። ጠያቂው ይመጣል፣ በሽተኛው ተጋድሞ ይጠብቃል፣ ቡና ይፈላል፣ «አይዞህ፣ ዕረፍት ብቻ ነው የሚያስፈልግህ» ይባላል። ዝናቡ በሚዘንብበት ወር ሳይዘራ ይቀራል። ያ ጊዜ ያለፈበት ሰው ግን በሩ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም። የጓንቱ ጥናት ውስጥ ዘጠኝ ወር የሆናቸው ነበሩ፤ በዓመትም በሁለት ዓመትም የሚሻሻል ሰው አለ። ያኔ ግን ያው ውጤት ብዙ እጥፍ ድካም ይጠይቃል።

ንግግርን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ በተለይ እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ በግራው የአንጎል ወገን ላይ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ብሮካ በ1861 ይህን መለየት የጀመረው «ታን» ከምትል ቃል በቀር መናገር ባቃተው ታካሚ ምክንያት ነበር። ቀኝ እጁ የሰነፈ ሰው ብዙ ጊዜ ንግግሩም የሚያዘው እጅንና ቋንቋን የሚያዝዙት ክፍሎች እዚያው ግራ ወገን ላይ ስለሚጎራበቱ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ሰው ቤቱ በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ፣ ገበያው ላይ በአማርኛ ይውላል። ስትሮክ ሲመታው የትኛው ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል? ፈረንሳዊው ሪቦ በልጅነት የተማሩት ነው አለ፤ ሌላው ፈረንሳዊ ፒትር በ1895 የለም፣ ከመታመሙ በፊት ዘወትር ይናገረው የነበረው ነው አለ። በኋላ የተሰበሰበው ማስረጃ እንደሚያሳየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ተያይዘው ነው የሚመለሱት። ስለዚህ ልጆቹ በአማርኛ ሲያናግሩት ዝም ያለን አባት በእናቱ ቋንቋ ሳይሞክሩት «መናገር አይችልም» ብሎ መፍረድ አይገባም።

ዜማም አለ። ሁለት ቃል አገጣጥሞ መናገር ያቃተው ሰው መዝሙር ሲጀመር ቃሉን ሳይስት አብሮ ይዘምራል። ቤተሰቡ ያለቅሳል፣ መንፈስ ነው ይላል። ዜማን በመሸከም የቀኙ የአንጎል ወገን ትልቅ ድርሻ አለው፤ ያ ወገን አልተነካም። በ1973 ቦስተን ላይ ሐኪሞች ይህን ይዘው ሕክምና አደረጉት፦ «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን ዓይነት አጭር ዓረፍተ ነገር በዜማ እያሉ፣ በግራ እጅ ጠረጴዛ እየመቱ፣ ቀስ በቀስ ዜማውን ወደ ተራ ንግግር መመለስ። ጭብጨባና ከበሮ ባለበት አገር ይህን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስቸግረው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ማግኘቱ ነው፤ ከፊዚዮ ባለሙያም ይከብዳል።

አጎቴ ከሆስፒታል ሲወጡ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የተሰጠን ወረቀት ላይ ስለ ልምምድ የተጻፈው «ፊዚዮቴራፒ ይቀጥል» ብቻ ነበር። የት? ስንት ጊዜ? ማን ያሠራቸዋል? ስለ ግፊት ኪኒናቸው በደንብ ተነግሮናል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፣ ሁለተኛ ስትሮክ የመምጣቱን ዕድል የሚቀንሰው እሱ ነውና። ስለ ትከሻቸው ግን ማንም አልነገረን። እኛም ከአልጋ ስናነሣቸው በደካማው እጅ እየጎተትን፣ በብብታቸው እየያዝን አነሣናቸው። የዛለ ጡንቻ ትከሻን በቦታው መያዝ አይችልም፤ አጥንቱ ዝቅ ይላል፣ ሕመሙም ወራት ይቆያል። ሕመም ያለበት እጅ ደግሞ አይለማመድም። ቀጥሎ ወጌሻ መጣ፤ በቅቤ አሽቶ ሳብ ሳብ አደረጋቸው፣ ባሰ። ወጌሻ ለወለምታ ይጠራ እንጂ የስትሮክ ትከሻ አይሳብም። ማሸት ደሙን ያሞቀው እንደሆነ እንጂ የአንጎልን መሬት አያርስም፤ እያሸ ያለው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ታዲያ ቤተሰብን ማሠልጠን ይበቃል? ይበቃል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። በሕንድ 1,250 ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ይህንኑ ፈተነ፦ ባለሙያ አስታማሚውን ያሠለጥናል፣ አስታማሚው ቤት ያሠራል። በ2017 ውጤቱ ሲወጣ በስድስት ወር ከተለመደው ክትትል የተለየ ነገር አልታየም። እኔ ከዚህ የምወስደው ቤተሰብ አይረባም የሚለውን አይደለም። ጥቂት ሰዓት ሠልጥኖ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ልጅ አስተምሮ፣ አስታሞ የሚያድር አንድ ሰው ላይ የፊዚዮ ባለሙያን ሥራ ጭኖ ውጤት መጠበቅ አይቻልም። አክስቴን አውቃታለሁ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሣለች። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2023 ተሐድሶ ሕክምና በጤና ሥርዓት ውስጥ እንዲጠናከር ውሳኔ አሳልፏል፤ ያ ውሳኔ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ድረስ ቢወርድ የሚመስለው በሳምንት አንድ ቀን ቤት ለቤት የሚዞር፣ ቁጥር የሚሰጥና ቁጥር የሚቆጣጠር ባለሙያ ይመስለኛል። «ይቀጥል» ሳይሆን «በቀን መቶ ጊዜ ኩባያ ያንሣ፣ ማክሰኞ መጥቼ አያለሁ» የሚል።

አቋራጭ የሚፈልግ አለ፤ ስለ ኪኒን የማይጠይቀኝ የለም። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት በ2011 ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ከ3,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በ2018 ሲፈተን ግን የእለት ተእለት አቅምን አላሻሻለም። በአንገት ላይ የሚያልፈውን ነርቭ ከልምምድ ጋር እያቀናጀ የሚነዝር መሣሪያ በ2021 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ በቀዶ ሕክምና የሚገባ ስለሆነ ለእኛ ገና ሩቅ ነው። እሱም ቢሆን ያለ ድግግሞሽ አይሠራም። ድብርቱ ግን ራሱ መታከም አለበት። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ይደበታል፤ የደበተው ሰው ልምምዱን አይነካም፣ ቤተሰቡም «ሰነፈ» ይለዋል።

አክስቴን ለማሳመን ስለ ጦጣዎቹ ነገርኳት። ሳቀች። «ጦጣ ልታደርገው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ስምምነት ላይ ደረስን፦ ከማዕዱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጉርሻዎች አጎቴ ራሳቸው ይቆርሳሉ፣ በቀኛቸው፣ የቱንም ያህል ይፍጅ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ነው። ዓሣ ለጊዜው ቀርቷል፣ አጥንቱ ስለሚያስቸግር። በግራቸው የቀኙን አንጓ ደግፈው ይጀምራሉ። እንጀራው ይላላል፣ ይበጠሳል፣ ወጡ ሸሚዛቸው ላይ ይንጠባጠባል። ባለፈው እሑድ ሰባተኛው ላይ ደከማቸውና እጃቸው ትሪው ላይ እንደተዘረጋች ቀረች። አክስቴ የተጠቀለለ ጉርሻ ይዛ ጠበቀች። አጎቴ ጣቶቻቸውን ትኩር ብለው አዩና «ቆይ» አሏት። ንግግራቸው ገና ስላልጠራ «ቆ» ብቻ ነው የተሰማው። ጉርሻውን መልሳ ትሪው ዳር አኖረችው።